አንድ ሊትር ለአንድ ቤት

ምድጃው ሲያዩት ተራ ዕቃ ይመስላል። ሁለት አፍ ያለው፣ ዝቅ ያለ፣ አንድ ሰው በቀላሉ አንስቶ የሚያዛውረው የብረት ሣጥን ነው። ቁም ነገሩ ከሥሩ በሚገባው ጣሳ ውስጥ ነው። ጣሳው 1.2 ሊትር ያህል ኢታኖል ይይዛል። ውስጡ ቃጫ በሚመስል ነገር ተጠቅጥቆ ስለተሞላ ነዳጁ ውኃ በስፖንጅ እንደሚያዝ ተመጥጦ ይቀመጣል፤ ጣሳው ቢወድቅ ወይም ቢገለበጥ አይፈስም። በግፊት የታመቀ ነገር ስለሌለበትም እንደ ላምባ ምድጃ ይፈነዳል ተብሎ አይፈራም። የሚነደው በጣሳው አፍ ላይ ባለው ወንፊት በኩል የሚተነው ትነት ብቻ ነው፤ እሳቱን ለመቀነስ ወይም ለማጥፋት ክዳኑን ማንሸራተት ይበቃል። ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፤ በጠራ ፀሐይ እስከማይታይ ድረስ ንጹሕ ስለሆነ የድስቱን ቂጥ አያጠቁርም፣ ዓይን አያስለቅስም። አንድ ሙሉ ጣሳ ከአራት ሰዓት በላይ ይነዳል። ምድጃው ክሊንኩክ ይባላል። ዶሜቲክ የተባለው የስዊድን ኩባንያ በጀልባ ውስጥ ምግብ ለሚያበስሉ ሰዎች ይሠራው ከነበረ የአልኮል ምድጃ የመጣ ነው። ከስዊድን የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ፣ ከጅግጅጋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደረቁ ሜዳ ላይ ወደተቀመጠችው ቀብሪበያህ የደረሰበትን መንገድ ማወቅ፣ ዘላቂ የባዮ ኢነርጂ ገበያ ምን እንደሚያቆመውና ምን እንደሚጥለው ለመረዳት ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1988 ሰሜን ሶማሊያ በጦርነት ስትነድ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር አቋርጦ ወደ ጅግጅጋ አካባቢ ገባ። ያን ጊዜ የተከፈተው የሐርትሼክ ካምፕ በዓለም ላይ ከነበሩት የስደተኛ ካምፖች ሁሉ ትልቁ እስከመባል ደርሶ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 ነው። የቀብሪበያህ ካምፕ በ1991 ተከፈተ። ከደቡብና ከመካከለኛው ሶማሊያ አዲስ ስደት ሲመጣ ደግሞ፣ የቀድሞዋ ተፈሪ በር በሆነችው አውበሬ በ2007፣ በሸደር በ2008 ካምፖች ተጨመሩ። ለስደተኛው ዱቄት፣ ዘይትና ባቄላ ይሰፈርለታል። ነገር ግን ባቄላ ጥሬውን አይበላም፤ ዱቄትም ያለ እሳት ላሆህ የሚሉት የሶማሌ ቂጣ አይሆንም። የሚነደውን ነገር የሚሰፍርለት ስላልነበረ ሴቶችና ልጃገረዶች ግራር ፍለጋ ይወጡ ነበር። በዓመታት ውስጥ በካምፑ ዙሪያ ያለው ዛፍ እየተመናመነ፣ መንገዱም እየረዘመ ሄደ። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ሴቶቹ ለድብደባና ለመደፈር ይበልጥ ተጋለጡ፤ ከብቱንና ግመሉን በዚያው ግራር ጥላና ቅጠል የሚያኖረው አርብቶ አደር ደግሞ ቂም ያዘ። ቂሙ የሚገባ ነው። ለእሱ ግራሩ የድርቅ ጊዜ ስንቁ ነው።

ነዳጁ የመጣው ከአገሪቱ ሌላ ጫፍ፣ ከሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ነው። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ አገዳውን ጨምቆ ስኳሩን ካወጣ በኋላ ሞላሰስ የሚባል ጥቁር ዝቃጭ ይተርፈዋል። ሞላሰሱ በእርሾ ሲብላላና ሲጣራ ኢታኖል ይሆናል፤ የፋብሪካው የኢታኖል ክፍል አቅሙ በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር ነበር። ፕሮጀክት ጋያ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሐሳቡን ይዞ መጣ፤ የሼል ፋውንዴሽን የሙከራውን ወጪ ረዳ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጋያ ማኅበር የተባለ አገር በቀል ድርጅት ተቋቋመ፤ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንም ካምፑን ለሥራው ፈቀደ። በ2008 ቀብሪበያህ ውስጥ 1,780 ምድጃ ደርሶ በካምፑ ያለውን ቤተሰብ ሁሉ አዳረሰ፤ ለአንድ ቤት በቀን የሚታደለውም አንድ ሊትር ያህል ነበር። በዚያው ዓመት ጋያ ማኅበር በብሪታንያ የሚሰጠውን የአሽደን ሽልማት ተቀበለ። ምድጃው ለሶማሌ ማእድ ቤት ከደገኛው ይልቅ የቀረበ ነው። የደገኛው የእንጀራ ምጣድ ሰፊ ስለሆነ በዚህ እሳት ላይ አይሠራም፤ የላሆህ ምጣድ ግን ትንሽ ናት፤ ሻይውም፣ ሩዙም፣ ፓስታውም የድስት ሥራ ነው።

አንድ ሊትር ምን ያህል እንደሚሠራ በሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድ ሊትር ኢታኖል 21 ሜጋጁል ያህል ሙቀት አለው፤ ምድጃው ከዚህ 60 በመቶ የሚጠጋውን ለድስቱ ያደርሳል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 16 ሜጋጁል ያህል ቢኖረውም ሦስት ጉልቻ ላይ ሲነድ 15 በመቶው እንኳ ድስቱ ጋር ከደረሰ ጥሩ ነው፤ የቀረውን ነፋስ ይወስደዋል። ስለዚህ አንዷ ሊትር ከአምስት ኪሎ እንጨት በላይ ትተካለች። ቡርጂኮ በሚሉት የከሰል ምድጃ የሚበስል ከሆነ ደግሞ ዛፉ የሚከፍለው ዋጋ እጥፍ ይሆናል፤ በአፈር በተዳፈነ ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ስድስት ኪሎ ያህል እንጨት ይነዳልና። ለ1,780 ቤት በቀን አንዳንድ ሊትር ማለት በዓመት 649,700 ሊትር ነው፤ ከፊንጫ አቅም 8 በመቶ ገደማ። ይህ መጠን በዓመት ከ3,000 ቶን በላይ እንጨት በቆመበት ያስቀራል። ከአንድ ፋብሪካ ዝቃጭ አንድ አሥረኛ በማይሞላ ነገር አንድ ካምፕ ሙሉ ከጫካ ይወጣል።

እንግዲህ የማቀርበው ክርክር ይህ ነው፤ ቀብሪበያህ ላይ ምድጃው ፈተናውን አልፏል፣ ገበያው ግን አልተሠራም። ሻጩ አንድ የመንግሥት ፋብሪካ፣ ገዢው አንድ የዕርዳታ ድርጅት፣ ምድጃ ሠሪው አንድ የውጭ ኩባንያ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ፊቱን ሲያዞር ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የሰንሰለቱ ፈተናም ሳይዘገይ መጣ። መንግሥት በ2007 የባዮ ነዳጅ ስትራቴጂ አወጣ፤ በ2008 መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። በአንድ ጊዜ የፊንጫ ሊትር ሁለት ጠያቂ አገኘ። አንዱ ጠያቂ መኪና ነው፤ መመሪያ፣ ዴፖና የነዳጅ ማደያ መረብ አለው። ሌላዋ ጠያቂ እናት ናት፤ ያላት በየዓመቱ የሚታደስ የዕርዳታ በጀት ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ ትብብር ምድጃ ለመግዛት፣ ጥናት ለማስጠናትና ሽልማት ለመስጠት ገንዘብ አላጣም። ለአሥር ዓመት የሚቆይ የነዳጅ አቅርቦት ውል ላይ ግን የፈረመ መኖሩን አላውቅም። ገበያ ምድጃ ከመጣ በኋላ በራሱ ይመጣል የሚለው እምነት የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማንም ነጋዴ ለሚቀጥለው ወር መምጣቱን በማያውቀው ዕቃ ሱቅ አይከፍትም።

መቀላቀሉ ስህተት ነበር ወይ የሚል ይኖራል። አገሪቱ ለቤንዚን የምታወጣው የውጭ ምንዛሪ ቀላል አይደለም፤ በአገር ውስጥ የተመረተ ሊትር ከውጭ የሚገባውን ቢቀንስ የሚያስመሰግን ነው። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ግን ልኩን እንወቅ። ኢታኖል ከቤንዚን ያነሰ ጉልበት ስላለው አንድ ሊትሩ የሚተካው ሁለት ሦስተኛ ሊትር የማይሞላ ቤንዚን ነው። የቀብሪበያህ ድርሻ ተነጥቆ ሁሉም ለመኪና ቢውል የሚተርፈው በዓመት 420,000 ሊትር ያህል ቤንዚን ነው። በሌላው የሚዛን ሳህን ላይ ከ3,000 ቶን በላይ ግራር፣ የሴቶች ደኅንነት፣ በስደተኛና በነባር መካከል ያለ ሰላም ተቀምጧል። በአገር የሚመረት ነዳጅ በአገር ለሚነድ ምድጃ ሲውል የውጭ ምንዛሪው የሚድነውም በሌላ በር ነው፤ ላምባም ከውጭ የሚገባ ነውና። ለመኪናው 92 በመቶ ይሁን፤ ለማእድ ቤቱ የሚሆነው 8 በመቶ ግን በጽሑፍ ይከበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመሬት ነው፤ የባዮ ነዳጅ ስም ሲነሣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ብዙዎች የሚያስታውሱት ምድጃን ሳይሆን ጉሎን ነው። በ2007 አንድ የጀርመን ኩባንያ በምሥራቅ ሐረርጌ ለጉሎ እርሻ መሬት ሲመነጥር፣ የመሬቱ ከፊል ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር ተደራረበ። መጠለያው የኦሮሚያንና የሶማሌ ክልልን መሬት የያዘ ነው። ዝሆኑ የሚያልፍበት ጫካ ለነዳጅ ተክል መቆረጡ ትልቅ ተቃውሞ አስነሣ፤ ተቃውሞውም ትክክል ነበር። እዚህ ላይ ዓለም አቀፍ ትብብር ገንዘብ ከመስጠት ሌላ የሚጠቅምበት መንገድ አለ። ስምንቱ የበለጸጉ አገሮች በ2005 በስኮትላንድ ግሌንኢግልስ ባደረጉት ስብሰባ መነሻነት ግሎባል ባዮኢነርጂ ፓርትነርሺፕ የሚባለው ኅብረት በ2006 ተመሠረተ፤ ጽሕፈት ቤቱ ሮም በሚገኘው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ውስጥ ነው። ኅብረቱ በ2011 ዘላቂነትን መመዘኛ 24 መለኪያዎች አወጣ፤ ስምንቱ ስለ አካባቢ፣ ስምንቱ ስለ ኅብረተሰብ፣ ስምንቱ ስለ ኢኮኖሚ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሴቶችና ሕፃናት ያለ ክፍያ ማገዶ በመልቀም የሚያጠፉት ጊዜ ምን ያህል ተለወጠ ብሎ ይጠይቃል። ሌላው የምግብ ዋጋና አቅርቦት ምን ሆነ ይላል። የባቢሌው ጉሎ በእነዚህ ቢመዘን ገና በወረቀት ላይ ይወድቅ ነበር። የፊንጫው ሞላሰስ ግን አዲስ መሬት አይፈልግም፣ ከማንም ገበታ ላይ አያነሳም፤ የለቀማውንም ሰዓት በቀጥታ ይቀንሳል። መለኪያው የተዘጋጀው ለመንግሥታት ቢሆንም ቀብሪበያህ ላለች ሴት የወጣ ይመስላል። እንዲህ ያለው ሚዛን ገንዘብ ከመፍሰሱ በፊት ሥራ ላይ ቢውል ቢያንስ ጉሎና ምድጃ በአንድ ስም አይጠሩም ነበር።

መብራት ሲገባ ይህ ሁሉ ምን ይሠራል የሚሉም አሉ፤ የኤሌክትሪክ መስመር በደረሰበት በጅግጅጋ ከተማ እውነት አላቸው። ለከተማው ኤሌክትሪክ ቢቀድም አልከራከርም፤ ኢታኖሉ መስመሩ ላልደረሰባቸው ወይም ደርሶ ለሚቆራረጥባቸው ቤቶች ነው። በእስልምና እምነት ውስጥ አልኮል ቤት ማስገባት ያስቸግራል የሚለው ስጋትም ቀላል ተደርጎ የሚታይ አይደለም። ለምድጃ የሚውል ኢታኖል ግን እንዳይጠጣ ሆኖ የሚዘጋጅ ነዳጅ ነው፤ በቀብሪበያህ ካምፕ ያለው ምእመን ተቀብሎ ማብሰሉም ለጥያቄው ከማንም በተሻለ መልስ ሰጥቶበታል።

አሁን ሁኔታው ከ2008 በሁለት ነገር ይሻላል። አንደኛው ርቀት ነው። ከፊንጫ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅግጅጋ ሲደመር ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው፤ ቦቴው የሚጭነውን ያህል ነዳጅ ራሱም ያቃጥላል ባይባልም ጉዞው ዋጋውን ይበላል። ኋላ ላይ ኢታኖል ማምረት የጀመረው የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ግን ከጅግጅጋ ጋር በአንድ መንገድ ላይ ነው፤ ርቀቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ የኢታኖል ክፍሉም በዓመት 12.5 ሚሊዮን ሊትር እንዲያመርት የታቀደ ነው። ሁለተኛው ሕግ ነው። በ2019 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛው እንዲሠራና እንዲነግድ በር ከፍቷል። ለሠላሳ ዓመት ተቀባይ ብቻ የነበረ ሰው ገዢም ሻጭም መሆን ይችላል፤ ጀሪካን ተሸክሞ ከካምፑ ወጥቶ ለከተማው ነባር ነዋሪ የሚሸጠውም እሱ ሊሆን ይችላል። ቀብሪበያህ ይህን በውኃ አይታዋለች። ከጀረር ሸለቆ የተዘረጋው የቧንቧ ውኃ ስደተኛውንም ነባሩንም በአንድ መስመር ያጠጣል፤ በቦቴ ከሚመጣ ውኃ የሚለየው ነገ መኖሩ የታወቀ መሆኑ ነው። እሳቱም እንዲሁ ለሁለቱም ካልደረሰ ነባሩ ግራሩን ለከሰል መቁረጡን አይተውም።

ስለዚህ ለጋሽ መንግሥታትና ድርጅቶች ጅግጅጋ መጥተው ምን እንርዳ ቢሉ፣ ስንት ምድጃ ትፈልጋላችሁ ከሚለው ጥያቄ በፊት ስንት ሊትር ለስንት ዓመት የሚለውን ቢያስቀድሙ እመርጣለሁ። በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በሸደር፣ ስደተኛና ነባር ተደባልቆ 10,000 ቤት ቢታሰብ የሚያስፈልገው በዓመት 3.65 ሚሊዮን ሊትር ነው፤ ከመተሐራ አቅም 30 በመቶ የማይሞላ። ለጋሹ ዋስ ይሁን፤ ፋብሪካው ሲሸጥ ገንዘቡን በወቅቱ ያግኝ፤ ጅግጅጋ ላይ የሦስት ወር ነዳጅ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ይተከል፤ ለድሃው ቤት የሚደረገው ድጎማ ከሊትሩ ዋጋ ላይ ይቀነስለት። አዲስ አበባ ውስጥ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር አነስተኛ የኢታኖል ማጣሪያ እንዲያቋቁም ጋያ ማኅበር አብሮ ሠርቷል፤ እንጨት ስትሸከም የኖረች ሴት ነዳጅ አምራች ልትሆን እንደምትችል የታሰበበት ሥራ ነው። ቀብሪበያህ ባለችበት በፋፈን ዞን የሞላሰስ ምንጭ ስለሌለ ማጣሪያውን እንዳለ ማምጣት አይቻልም፤ ማከፋፈያውን፣ የጣሳውን ሙሌትና የምድጃውን ጥገና ግን የካምፑና የከተማው ሴቶች ማኅበራት ሊይዙት ይችላሉ። ውሉ ተፈርሞ በርሜሉ ቀብሪበያህ ገበያ ላይ ሲቆም፣ ባለሱቋ ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸኛው ሲያልቅ ቀጣዩ በስንተኛው ቀን እንደሚደርስ።