ቁጥር ያለው ሽጉጥ፣ ባለቤት ያለው ጠመንጃ

በአውሮፓና በአሜሪካ የድሮ የጀርመን ሽጉጥ መሰብሰብ እንደ ቴምብርና እንደ አሮጌ ገንዘብ መሰብሰብ ያለ፣ ነገር ግን ከዚያ ይልቅ ገንዘብና ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሰብሳቢው አንድ ሽጉጥ በእጁ ሲገባ አስቀድሞ የሚመለከተው ደኅና መተኮሱን አይደለም፤ ማኅተሙን ነው። በየብልቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከዋናው ቁጥር ጋር መስማማቱን፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የተቆጣጣሪውን የንስር ምልክትና ለፋብሪካው የተሰጠውን የምሥጢር ፊደል እያገላበጠ ይመረምራል። አንዲት ትንሽ ብልት ተለውጣ ቁጥሯ ሳይገጥም የቀረ እንደሆነ ዋጋው ይወድቃል። በጎንደር ግን የድሮ መሣሪያ ሲታይ ስለ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። የሚጠየቀው «የማን ነበር?» ተብሎ ነው። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነገር ስለሆነ ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋር ጥቂት ልንነጋገርበት ወደድን።

ሰብሳቢዎች ከሚፈልጓቸው የድሮ የጀርመን ሽጉጦች አንዱ በኦበርንዶርፍ ከተማ የተሠራው የ1896ቱ ማውዘር ነው። (ስለ ውጭ አገር ነገር በምንናገርበት ጊዜ ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) አሥር ጥይት የሚይዘው ካዝናው ከምላጩ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ እጀታው ድቡልቡል በመሆኑ እንግሊዞች «የመጥረጊያ እጀታ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ከእንጨት የተሠራው ማሕደሩም በእጀታው ላይ ሲሰካ ሰደፍ ሆኖ ሽጉጡን ወደ አጭር ጠመንጃ ይለውጠዋል። ወጣቱ ዊንስተን ቸርችል በ1898 በኦምዱርማን ጦርነት ከፈረሰኞቹ ጋር በገባ ጊዜ የያዘው ይህንን ዓይነት ሽጉጥ ነበር፤ ትከሻው ቀደም ሲል በሕንድ አገር ስለተጎዳ በሰይፍ መዋጋት አልተመቸውም። ለጎንደር ሰው ይህ ወሬ ሩቅ አይደለም። በኦምዱርማን የተሰበረው የድርቡሽ መንግሥት ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1880 ዓ.ም.፣ ሠራዊቱን ልኮ ጎንደርን ያቃጠለና አብያተ ክርስቲያናቷን የዘረፈ ነው።

ሁለተኛው በጌዮርግ ሉገር ስም የሚጠራው ሽጉጥ ነው። ሲተኮስ ከላዩ እንደ ሰው ጉልበት ተጣጥፎ የሚነሣ ብልት አለው። የጀርመን ምድር ጦር በ1908 ተቀበለውና በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ተዋጋበት። መልኩ ያማረ ቢሆንም ሥራው ብዙ ድካምና ብዙ ወጪ ይጠይቅ ስለነበረ በ1938 የዋልተር ፋብሪካ ያወጣው ቀለል ያለ ሽጉጥ እንዲተካው ተወሰነ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። የዋልተር ኩባንያ በጦርነቱ ዘመን በኖየንጋመ ማጎሪያ ካምፕ እስረኞችን ለመሣሪያ ሥራ ያስገድድ ነበር። ሰብሳቢው አጉልቶ በሚያሳይ መስታወት የሚያየው የንስር ምልክት ይህንን አይናገርም። ማኅተም ስለ ፋብሪካውና ስለ ዓመቱ ይመሰክራል፤ ስለ ሰው ግን ዝም ይላል።

የጀርመን መሣሪያ ወደ አገራችን የመጣበትም መንገድ የሚገርም ነው። በ1935 ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ጦር በምታዘጋጅበት ጊዜ ብዙ መንግሥታት መሣሪያ ሲከለክሉን፣ ሂትለር በኦስትሪያ ጉዳይ ከሙሶሊኒ ጋር ተቃቅሮ ስለነበረ፣ 10 ሺህ የማውዘር ጠመንጃና 10 ሚሊዮን ጥይት በምሥጢር እንዲላክልን ፈቀደ። ለኛ አዝኖ አልነበረም፤ ኢጣሊያ በአፍሪካ ተይዛ እንድትቆይለት ፈልጎ ነው። ጉዳዩን በበርሊን ተነጋግሮ የጨረሰው የመንግሥት አማካሪ የነበረው ዴቪድ ሆል ነው። የዚህ ሰው አባት ሞሪትዝ ሆል በቤጌምድር በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ካቀለጡት ባለ እጆች አንዱ ሲሆን፣ የእናቱ አባት ደግሞ ኤድዋርድ ዛንደር የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር። አባት ለቴዎድሮስ መድፍ ሠራ፤ ልጅ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጠመንጃ አመጣ። እንዲህ ያለውን ነገር በየትኛው የመሣሪያ ብልት ላይ ተቀርጾ እናገኘዋለን?

ጎንደር በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ እጅ ወደቀች። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ እንኳ ጄኔራል ናሲ በጎንደር ከስድስት ወር በላይ ጸንቶ ቆየ። ከደባርቅ ወዲያ፣ የሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ ያለው የወልቀፊት ምሽግ እጁን የሰጠው መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። የቁልቋል በር ምሽግ ኅዳር 12 ቀን ተሰበረ፤ ከስድስት ቀን በኋላም፣ ኅዳር 18 ቀን፣ ጎንደር ነጻ ወጣች። ከእንግሊዝ ሹማምንት ጋር የዘመቱት የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮችና የአገሩ አርበኞች አብረው ተዋግተዋል። የተማረከው የኢጣሊያ ሠራዊት ከ20 ሺህ በላይ ነበር። ኢጣሊያኖቹ በወገባቸው የያዙት ሽጉጥ ቤሬታ፣ ግሊሰንቲና ቦዴዎ ነው፤ ስለዚህ በዚህ አገር ከአባት የተወረሰ የምርኮ ሽጉጥ ሲገኝ ከጀርመን ሥራ ይልቅ የኢጣሊያ ሥራ መሆኑ የተለመደ ነው።

የሰሜን ሰው መሣሪያውን በፋብሪካ ቁጥር ባይለይም የራሱ መዝገብ አለው። አንዱ መዝገብ ቋንቋው ነው። ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» የሚሉት የ1874ቱ ጠመንጃ ነው፤ ስናድር በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የያዘው የስናይደር ስም ነው፤ ምንሽርም ከማንሊኸር የመጣ ነው ይባላል። ቤልጅግ የተባለው በቤልጅግ አገር በኤፍ ኤን ፋብሪካ የተሠራ ነው፤ አሠራሩን የፈለሰፈው ግን ጀርመናዊው ማውዘር በመሆኑ፣ ብዙ ባለ ቤልጅግ ሳያውቀው የጀርመን ብልሃት በትከሻው ተሸክሞ ኖሯል።

ሌላው መዝገብ ፉከራውና ለቅሶው ነው። አንድ የታወቀ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ልብሱና ጠመንጃው ለቅሶው መካከል ይቀርባል፤ አልቃሿም መሣሪያው የት እንደዋለ፣ ከማን እንደተማረከ፣ ማንን እንዳዳነ በሙሾ ትናገራለች። ከዚህ የተሻለ የባለቤትነት ማስረጃ የትኛው ሰብሳቢ አለው? ችግሩ ግን ይህ መዝገብ በወረቀት ላይ አለመስፈሩ ነው።

በታሪካችን እጅግ የታወቀው ሽጉጥ ሁለቱን መዝገቦች አንድ ላይ የያዘ ነው፤ እርሱም የጀርመን ሥራ አይደለም። የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን በጎንደር አቅራቢያ በሽፍቶች ተይዞ ቆሰለ፤ የጎንደር ነጋዴዎች ገንዘብ ከፍለው አስለቀቁት፤ ነገር ግን በ1860 በዚያው በጎንደር ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያም ለአገልጋይዋ ስለተደረገው ቸርነት ምስጋናዋን አስቀርጻ ለዐፄ ቴዎድሮስ ጥንድ ሽጉጥ ላከች። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ እጃቸውን ለእንግሊዝ ጦር ላለመስጠት ሕይወታቸውን ያጠፉት ከነዚሁ በአንዱ ነው። ሰጪው፣ ተቀባዩና ምክንያቱ በብረቱ ላይ በመጻፉ ሽጉጡን ከታሪኩ ሊለየው የቻለ የለም።

ሌሎቹ መሣሪያዎቻችን ይህን ዕድል አላገኙም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የተገዙ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አሮጌ ጠመንጃዎች ወደ አሜሪካ ተጭነው ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። ውጅግራው፣ የኢጣሊያው ቬተርሊና ካርካኖ፣ ቤልጅጉም አለበት። የአሜሪካው ገዢ ቁጥሩን ያነባል፣ ዓመቱን ከመጽሐፍ ያገኛል፣ «ከኢትዮጵያ የመጣ» ብሎ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። በሰደፉ ላይ በሚስማር የተጠገነውን ስንጥቅ፣ በጠፍር የተጠመጠመውን አንገቱን ማን እንደሠራው ግን የሚነግረው የለም። እኛ በበኩላችን የሚያስቆጨን የብረቱ መሄድ ብቻ አይደለም፤ ከመሸጡ በፊት «የማን ነበር?» ብሎ ጠይቆ የጻፈ ሰው መጥፋቱ ነው።

መሣሪያ ሰብስቡ ማለታችን አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ የተከለከለ ነው፤ ጠመንጃም በዚህ ደጋ የታሪክ ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ታሪኩን መጻፍ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ለዕረፍት ወደ ዳባት ወይም ወደ ደባርቅ የሚሄድ ተማሪ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት መሣሪያ የሚመዘግብ ወጣት ሹም፣ ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ረድፍ ጨምሮ «ከማን ተወረሰ? የት ተማረከ? ማን ይመሰክራል?» ብሎ ቢጽፍ ሥራው የአሥር ደቂቃ ነው። በወልቀፊት ጊዜ የ20 ዓመት ጎልማሳ የነበረ አርበኛ ዛሬ ቢኖር ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያልፍ ነበር። አሁን የሚጠየቁት ልጆቹ ናቸው፤ እነርሱም ከዘራ ይዘዋል።