ባሕር ዛፍ፦ ከባሕር ማዶ የተዋስነው መላ

ሰሞኑን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ አንድ ጥያቄ ይዛ ከትምህርት ቤት መጣች። "ባሕር ዛፍ የሚባለው ለምንድን ነው? እንጦጦ ላይ ባሕር አለ እንዴ?" የምንኖረው በየካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው። ከደጃችን ወጥተን ቀና ስንል የሚታየን ጋራ ባሕር ዛፍ የለበሰ ነው። በየቀኑ ስለምናየው፣ ጉንፋን ሲይዘንም በቅጠሉ ስለምንታጠን፣ ከጥንት ጀምሮ እዚያው የነበረ ይመስለናል።

መልሱ በስሙ ውስጥ አለ። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። አባቶቻችን በቆሎንም "የባሕር ማሽላ" ይሉት ነበር። ከውጭ የመጣን ነገር ከነመነሻው መሰየም ያውቁበት ነበር። ከዛፉ ጋር ግን ሌላም ነገር መጥቷል፤ እሱም መንግሥት አንድን ችግር የሚፈታበት መላ ነው። ዛሬ ፖሊሲ የምንለው ማለት ነው። ፖሊሲ ከአገር ወደ አገር እንዴት እንደሚሄድ፣ ሲሄድም ምን ይዞ ምን ጥሎ እንደሚደርስ ለማየት ከዚህ ጋራ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከተማዋን ያስቀረ ዛፍ

እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አቅራቢያ ቤት አሠርተው፣ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን የአንድ ዋና ከተማ ዕድሜ የሚለካው በእንጨቱ ነበር። ሠራዊቱና መኳንንቱ፣ አሽከሩና እንጀራ ጋጋሪው ሁሉ የሚያነደው እንጨት፣ ቤቱን የሚሠራበትም እንጨት ነው። የአካባቢው ጽድና ወይራ ሲመነጠር ማገዶ ይርቃል፤ ማገዶ ሲርቅ ደግሞ ከተማው ተነሥቶ ወደ ሌላ ደን ይጠጋል።

አዲስ አበባም በዚሁ መንገድ ላይ ነበረች። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ አፄ ምኒልክ ከከተማዋ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ኋላ ግን አሳባቸውን ቀይረው እዚሁ ቀሩ፤ የአዲስ ዓለሙም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለውሳኔያቸው ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ባሕር ዛፍ ነው።

ዛፉን በ1880ዎቹ ያስመጣው ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለ የንጉሡ ፈረንሳዊ አማካሪ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ዛፉን ግን ዛፉ ብቻውን አላስፋፋውም። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኙ በአነስተኛ ዋጋ እንዲታደል፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነፃ እንዲሆን አደረጉ። መሬት ያለው ሁሉ ወደ ተከላው ገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶ የሚደርስ፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ከተገኘ ከተማው ለምን ይሰደዳል? ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባን "ዩካሊፕቶፖሊስ"፣ የባሕር ዛፍ ከተማ፣ እያሉ የሚጠሯት የውጭ ጸሐፊዎች ነበሩ።

ዘሩ አንድ፣ ምክንያቱ ብዙ

በእንጦጦ የምናየው ነጭ ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ ታዝማኒያና ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፈርዲናንድ ፎን ሙለር የተባለ ጀርመን ተወላጅ የዕፅዋት ሊቅ ከሜልቦርን ሆኖ ዘሩን በዓለም ዙሪያ ይልክ ነበር። ዘሩ ቀላል ነው፤ በፖስታ ይላካል። የሚገርመው እያንዳንዱ አገር ለየራሱ ምክንያት መቀበሉ ነው።

ፈረንሳዮች አልጄሪያ ውስጥ የተከሉት ወባን ያባርራል ብለው ነው። እንግሊዞች በደቡብ ሕንድ በኒልጊሪ ተራሮች ለማገዶ ተከሉት። በብራዚል ሳኦ ፓውሎ አንድ የባቡር ኩባንያ ለባቡሮቹ ማገዶ ፈልጎ አስፋፋው። እኛ ደግሞ ዋና ከተማችን ከቦታዋ እንዳትነሣ ተከልነው።

ከዚህ የምረዳው፣ የሌላ አገር መላ የሚሻገረው እዚያ ስለተሳካ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ተቀባዩ የራሱ ችግር ሲኖረው፣ መላውም ለመሸከም ቀላል ሲሆን ይሻገራል። የምኒልክ ጥበብም ዛፉን መቀበላቸው ብቻ አልነበረም፤ ከአገሩ የመሬትና የግብር ሥርዓት ጋር አገናኝተው ሰው በገዛ ፈቃዱ እንዲተክል ማድረጋቸው ነው። ዘሩ የውጭ ቢሆንም ማባበያው የአገር ውስጥ ነበር።

መሬት የሌላቸው እናቶች

የግብር ምሕረቱ የጠቀመው ግን መሬት ያለውን ነው። መሬት የሌለው ከዚያ ደን ምን ያገኛል? ለዚህ ጥያቄ አዋጅ ሳይሆን የድሃ እናቶች ጀርባ መልስ ሰጠ።

የካ ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቃቸዋል። ሌሊት ወጥተው፣ ጭራሮና ቅጠል ሰብስበው፣ ወገባቸውን አጉብጠው በፈረንሳይ፣ በኮተቤና በካራ አሎ ቁልቁለት ይወርዱ ነበር። ዛሬም የሚወርዱ አሉ። የከተማው ምጣድ ለብዙ ዘመን የሰማው በእነሱ ጀርባ ነው። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ሲሆን በከተማዋ ዙሪያ ያለው ደን በመንግሥት እጅ ገባ፤ የደን ጥበቃም ቆመ። ባለቤቱ ተቀየረ እንጂ ሸክሙ ከሴቶቹ ጀርባ አልወረደም። ይባስ ብሎ ቅጠል የጠረገችው እናት እንደ ሌባ የምትባረርበት ጊዜ መጣ።

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህ ሥራ ነው። ዛሬ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራሉ፤ መብራት ሲጠፋ ግን ከጓሮ ያስቀመጡት ጭራሮ ይወጣል። አንድ ቀን ቡና ላይ ስለ ባሕር ዛፍ ጠየቅኋቸው። አልረገሙትም፤ አላመሰገኑትምም። ዛፉ ልጆቻቸውን እንዳበላ፣ ወገባቸውን ግን እንደወሰደ ነገሩኝ። እኔ ካነበብሁት ሁሉ የእሳቸው ሒሳብ ትክክለኛው መሰለኝ።

አሁን ደግሞ "ንቀሉ"

ተከላው እንደተዋሰ ሁሉ ነቀላውም ከአገር አገር ይሄዳል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 ውሃ የሚያሟጥጡ መጤ ዛፎችን በመንግሥት ፕሮግራም ማስወገድ ጀመረች፤ ለሥራውም ድሃ ዜጎችን እየከፈለች አሰማራች። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2009 በውሃ ዳር ያለ ባሕር ዛፍ እንዲቆረጥ ታዘዘ። ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2017 ከ60 በላይ ሰዎች የሞቱበት የደን ቃጠሎ ከደረሰባት በኋላ አዲስ ተከላን የሚገድብ ሕግ አወጣች። በአገራችንም ትግራይ ክልል እ.ኤ.አ. በ1997 በእርሻ መሬት ላይ እንዳይተከል ከልክሎ ነበር።

ምክንያቱ ተጨባጭ ነው። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፤ ከሥሩም ብዙ ነገር አይበቅልም። በሌላ በኩል ደግሞ የጎጃም ገበሬ ገንዘብ የሚያይበት፣ የአዲስ አበባ ግንበኛም አጣናውን ለመወጣጫ የሚያቆመው ይህንኑ ዛፍ ነው። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬዎች ለከሰል የሚያለሙት "ዲከረንስ" የተባለው ግራርም እንደ ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው። አንዱን መጤ ስናወግዝ ሌላው በሌላ በር ይገባል፤ ምክንያቱም ማገዶና ገንዘብ የሚፈልገው ቤተሰብ ጥያቄው አልተመለሰለትም።

እንጦጦ ላይም ይኸው ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ጋራው የመዝናኛ ቦታ ሆኗል፤ አገር በቀል ዛፎችም እየተተከሉ ነው። ከእንጨት ተሸካሚዎቹ እናቶች መካከል በፓርኩና በእንጀራ መጋገሪያ ሥራ ያገኙ አሉ። ይህ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ባሕር ዛፉን በጽድና በኮሶ የመተካቱ ነገር በእውነት የሚሳካው ግን ሥራ ላላገኙትም እናቶች ቦታ ሲኖር ነው።

ቁጥሩ ሲሻገር የቀረው ነገር

የዛሬው ትልቁ የተከላ ፖሊሲም ዘመዶች አሉት። በሕንድ ማድያ ፕራዴሽ ግዛት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2017 በአንድ ቀን ከ66 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። እኛ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ ዐሻራ ከ350 ሚሊዮን በላይ መትከላችንን መንግሥት አስታወቀ። አንዱ አገር የሌላውን ቁጥር አይቶ ይነሣሣል። ቁጥር እንደ ባሕር ዛፍ ዘር ነው፤ ቀላል ስለሆነ ፈጥኖ ይሻገራል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በጎረቤታችን በኬንያ የዋንጋሪ ማታይ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የግሪን ቤልት ንቅናቄን መሥርታ የገጠር ሴቶችን ችግኝ አስተከለች፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘች። በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም አማካይነት በ2006 ለተጀመረው የቢሊዮን ዛፎች ዘመቻም መነሻ ሆነች። ብዙ አገር ከእሷ የወሰደው መትከሉንና መቁጠሩን ነው። የንቅናቄዋ አንድ አሠራር ግን ያን ያህል አልተወራለትም፤ ሴቶቹ ትንሽ ገንዘብ የሚከፈላቸው ለተከሉት ሳይሆን ለጸደቀው ችግኝ ነበር።

በእኔ እምነት ለየካና ለእንጦጦ የሚበጀው ውሰት ይሄኛው ነው። በእኛም አገር ስለ ጸደቀው ችግኝ መጠን መግለጫ ይሰጣል፤ በየመንደሩ ጎልቶ የሚሰማው ግን የተተከለው ነው። ጋራውን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሲሸከሙት የኖሩት እናቶች ናቸው። የትኛው ገደል ውሃ እንደሚያቁር፣ ከብት የት እንደሚገባ፣ ችግኝ የት እንደሚደርቅ እነሱን መጠየቅ ይቻላል። አንድ ኮሶ ወይም ጽድ ተንከባክበው ለሦስት ዓመት ካቆዩ ለዚያ ቢከፈላቸው፣ ደኑም ባለቤት ያገኛል፤ ቤታቸውም ገቢ ያገኛል።

ከሰው መላ መዋስ ነውር የለበትም፤ አዲስ አበባ ራሷ በውሰት ዛፍ የቆመች ከተማ ናት። አንድ አዲስ ፖሊሲ ከውጭ መጣ ሲባል ግን እንደ ቤተሰብ ልንጠይቀው የሚገባ ቀላል ጥያቄ አለ፦ ይህን ነገር እዚህ የሚሸከመው ማን ነው? ለባሕር ዛፍ ይህ ጥያቄ በጊዜው አልተጠየቀም፤ ለጽድና ለኮሶው ግን ገና ጊዜ አለን።