ድርጅት ከሕዝብ ሲበደር

ቦንድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ግድቡን ነው። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ ወዲህ ሠራተኛው ከደመወዙ እያስቆረጠ፣ ነጋዴውም በማኅበሩ በኩል ቦንድ ገዛ። የተገዛው ግን ለአገር ተብሎ ነው፤ ወለዱን ከዋጋ ንረቱ ጋር ያመዛዘነ ገዢ ብዙ አልነበረም።

ንግድ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ገንዘብ የቸገረው ኩባንያ ባንክ ቢሄድ ሕንፃ አስይዝ ይባላል። አክሲዮን ቢሸጥ ባለቤትነቱን ያካፍላል። በቦንድ ግን ትልቁን ብድር ቆራርሶ ከብዙ ሰው ይበደራል፤ በየጊዜው ወለድ ይከፍላል፣ ቀኑ ሲደርስ ዋናውን ይመልሳል። ቦንድ የያዘ ሰው በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የለውም፣ ኩባንያው ቢያተርፍም ከተዋዋለው ወለድ በላይ አይጠይቅም። ድርጅቱ ቢከስር ግን ከባለአክሲዮኖች ቀድሞ ይከፈለዋል።

ዋጋው ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። በዓመት 12 በመቶ የሚከፍል የ1,000 ብር ቦንድ አለኝ እንበል፤ የቀረው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። በዚህ መሐል ገበያው 18 በመቶ መክፈል ከጀመረ የእኔን በ1,000 ብር የሚገዛኝ የለም። በዓመቱ መጨረሻ የሚገኘው 1,120 ብር ስለሆነ፣ ዛሬ የሚያወጣው 949 ብር ገደማ ነው። እስከ መጨረሻው ከያዝኩት 1,120 ብሬን አገኛለሁ፤ መሐል ላይ ገንዘብ ከቸገረኝ ግን ኪሳራው የእኔ ነው።

እንግዲህ ቦንድ የሚያምረው ወለዱ በድርድር ሲወሰንና ገዢው ሲፈልግ መሸጥ ሲችል ነው። በእኛ አገር ለረጅም ጊዜ ሁለቱም አልነበሩም። መብራት ኃይል ቦንድ ሲያወጣ ዋናው ገዢ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነበር፤ ሁለቱም የመንግሥት ናቸው። አበዳሪው እምቢ ማለት ካልቻለ፣ ቦንዱ ስሙ ብቻ ነው የቀረው ባይ ነኝ። የመንግሥት ድርጅቶች ዕዳ ተከምሮ ባንኩን ስላስጨነቀው ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ እንዲተካለት ተደረገ። የግል ባንኮችም ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ በግዴታ ይገዙ ነበር፤ ሲጀመር ወለዱ 3 በመቶ ነበር።

ውጭ አገር ያለው ወገናችን ደግሞ ሌላ ነገር አይቷል። የግድቡ ቦንድ አሜሪካ ውስጥ በየከተማው ስብሰባ እየተጠራ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እየተነገረ ሲሸጥ፣ በዚያው አገር ሕግ መሠረት አልተመዘገበም ነበር። የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2016 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ3,100 በላይ ከሆኑ ሰዎች የሰበሰበውን 5.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከነወለዱ እንዲመልስ አደረገ፤ ድምሩ ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ምዝገባው የወረቀት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ተበዳሪው ያለበትን ዕዳና ሥጋቱን በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል። አበዳሪው ሩቅ ሲሆን፣ ከዚህ ሌላ የሚያይበት ዓይን የለውም።

እኛም ዘንድ ይህ ግዴታ አሁን መጥቷል። የካፒታል ገበያ አዋጁ በ2013 ዓ.ም. ወጣ፣ ባለሥልጣኑ ተቋቋመ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ለኩባንያዎች ግን የከበደው የወለዱ ነገር ነው። መንግሥት ራሱ በግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ ከባንኮችና ከሌሎች ይበደራል፤ ግብር መሰብሰብ የሚችል ተበዳሪ ስለሆነ በአገር ውስጥ ብር ከሱ የተሻለ የሚታመን የለም። ስለዚህ የሲሚንቶ ፋብሪካም ሆነ ሆቴል ቦንድ ይዞ ሲመጣ ከመንግሥት የበለጠ ወለድ ማቅረብ አለበት፤ የሚያተርፈው ደግሞ ያንን ወለድ መሸከም መቻል አለበት።