አንድ ሕመም በአንዱ የሚከብደው፥ በሌላው የሚቀለው ስለ ምንድን ነው?

እኔ የቁንዝላ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ አንዲት ጎረቤታችን ሁለት ወንዶች ልጆች በተከታታይ ወልዳ ሁለቱም አርባ ቀናቸው ሳይደርስ፥ ክርስትና ሳይነሡ ሞቱባት። ሲወለዱ ደኅና ነበሩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ማስታወክ ጀመሩ፥ ጡት እምቢ አሉ፥ ደርቀው አለቁ። ሰው ምች ነው፥ ቡዳ ነው ይል ነበር። ደማቸው ስላልተመረመረ የገደላቸው ይህ ነው ልል አልችልም። ነገር ግን ስለ ሆርሞን ስንማር፥ ልክ እንዲህ አድርጎ የሚገድል፥ ከወላጅ የሚወረስ ሕመም መኖሩን ባወቅሁ ጊዜ እነርሱ ትዝ አሉኝ።

በኩላሊቶቻችን ራስ ላይ ትንንሽ ዕጢዎች ተቀምጠዋል። የሚሠሩትም ኮርቲዞልና አልዶስቴሮን የሚባሉ ሆርሞኖችን ነው፤ ኮርቲዞል በሕመምና በረኃብ ጊዜ ሰውነትን ያጸናል፥ አልዶስቴሮን ጨው በሽንት እንዳያልቅ ይጠብቃል። ለዚህ ሥራ አንድ ኢንዛይም ያስፈልጋል። አንባቢዎቼ ሆይ፥ ኢንዛይሙን በወደባችን እንዳሉት የደንገል ታንኳዎች ቁጠሩት፤ ጥሬ ዕቃውን ከወዲህ ዳር ወደዚያ ዳር ያሻግራል። ታንኳ ሲጠፋ እህሉ በዳር ይከመራል፤ ባለቤቱም በአህያ ጭኖ በሌላ መንገድ ይወስደዋል። በሰውነትም የተከመረው ጥሬ ዕቃ ወደ ወንድ ሆርሞን ይለወጣል። ስለዚህ በዚህ ሕመም የምትወለድ ሴት ማሕፀኗ ምሉዕ ሳለ የውጭ አካሏ የወንድ ሊመስል ይችላል። ክርስትና በ40 ቀን ወይስ በ80 ቀን የሚለው እንኳ ለቤተ ሰቡ ጭንቅ ነው።

የኢንዛይሙ ትእዛዝ የተጻፈበት ጂን ከአባት አንድ፥ ከእናት አንድ ይመጣል። ሁለቱም ከተበላሹ ልጁ ይታመማል፤ ብልሽት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ከ100 ታንኳ አንድም ካልቀረ ጨው ይፈስሳል፥ ሕፃኑም ካልታከመ በሳምንታት ውስጥ ይሞታል። 1 ወይም 2 ቢቀር ግን ጨውን ለመያዝ ብዙ ጊዜ ይበቃል! እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ይህ ነው። ከ20 እስከ 50 ቢቀር ደግሞ ሰውየው ሕመሙን ሳያውቀው ሊያረጅ ይችላል። አባት ምንም የማይሠራ፥ እናት በከፊል የሚሠራ ቢሰጡ፥ የልጁን ዕጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው የተሻለው ነው።

አብዛኛው ስሕተት የሚገለበጠው ከጂኑ አጠገብ ካለ ሥራ ፈት ጂን ነው፤ እነዚህ ተቆጥረው የታወቁ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ብርቅ ናቸው፤ በአንድ ቤተ ሰብ ብቻ የተገኙም አሉ። «ሀገር»ን «ሐገር» ብሎ የጻፈውን ተማሪ መምህሩ በቀይ ይሰርዝበት ይሆናል እንጂ ቃሉ ያው ይነበባል፤ «ማገር» ብሎ ቢጽፍ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ብርቅ ለውጥ ሲገኝም ሐ ይሁን ማ በማየት ብቻ አይታወቅም፤ ሊቃውንት ኢንዛይሙን በላቦራቶሪ ሠርተው ከ100 ስንት እንደሚሠራ ይለካሉ። የታወቁትን ብቻ የሚፈልግ ምርመራ ደግሞ ብርቁን አልፎት ይሄዳል።

አባቶቻችን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ማጋባታቸው፥ ጂንን ሳያውቁ፥ ሁለት የተበላሹ ጂኖች የሚገናኙበትን ዕድል አሳንሷል። ቢሆንም ባዕዳንም ሊገናኙ ይችላሉ፤ ሁለቱም ተሸካሚዎች ከሆኑ በየወሊዱ ከ4 አንድ ዕድል አለ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950 በባልቲሞር ሐኪሙ ላውሰን ዊልኪንስ ኮርቲዞን ለሕሙማኑ እንደሚጠቅም አሳየ። ዛሬ ሕሙማን ዕድሜ ልካቸውን ክኒን ይወስዳሉ፤ ለሕፃናት ጨውም ይጨመርላቸዋል። በብዙ አገሮች ከሕፃኑ ተረከዝ በሚወሰድ ጠብታ ደም ሕመሙ ይፈለጋል፤ በእኛ አገር ይህ ገና አልተለመደም። ነገር ግን በደም ውስጥ ሶዲየም ዝቅ፥ ፖታሲየም ከፍ ማለቱ ሐኪሙን ያስጠረጥረዋል፤ እንዲህ የሚያስታውክን ሕፃን በቶሎ ባሕር ዳር ወዳለው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ማድረስ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ጎረቤታችን ከዚያ በኋላ ሴት ልጅ ወልዳለች። በ80 ቀኗ መላው ሰፈር ተጠርቶ ነበር፤ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ናት።