በሩቅ ለሩቅ ቼዝ፦ ቀድሞ ያንቀሳቀሰው ማን ነው?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር 1844 የዋሽንግተንና የባልቲሞር ቼዝ ተጫዋቾች ፊት ለፊት ሳይተያዩ ተጋጠሙ። የሳሙኤል ሞርስ የቴሌግራፍ መስመር ሁለቱን ከተሞች ካገናኘ ገና ጥቂት ወራት ነበሩ። በሽቦው የሚተላለፈው መልእክት አጭር ነው፤ የትኛው ጠጠር ከየት ወደ የት እንደሄደ ብቻ ይናገራል። ተቀባዩ ያንኑ በራሱ ሰሌዳ ላይ ይደግመዋል።

ዛሬ አዲስ አበባና ዋሽንግተን የሚኖሩ ሁለት አብሮ አደጎች በስልካቸው ቼዝ ሲጫወቱ መሠረቱ አልተለወጠም። የሚጓዘው የሰሌዳው ምስል ሳይሆን ጥቂት ፊደላትና ቁጥሮች ናቸው። ልዩነቱ በመካከል ዳኛ መኖሩ ነው። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በቅድሚያ ሰርቨር ወደሚባለው ኮምፒውተር ይደርሳል፤ እርሱም ሕጉን አመሳክሮና መዝግቦ ለባላጋራው ያስተላልፋል። እውነተኛው ሰሌዳም ሆነ እውነተኛው ሰዓት ያለው እዚያ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከሰዓቱ ነው። ብርሃን በፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው ርቀት በአየር መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ መልእክት ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ ይፈጅበታል። ገመዱ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በየመንገዱም መቀባበያ አለ። በደካማ የሞባይል መስመር ላይ መዘግየቱ 0.3 ሰከንድ ቢደርስ የሚያስገርም አይደለም። ይህ ለወሬ ምንም አይደለም። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 60 ሰከንድ ብቻ በሚሰጥበት ፈጣን ጨዋታ ግን በ40 እንቅስቃሴ 12 ሰከንድ ይበላል። ሰርቨሩ ዋሽንግተን አጠገብ ከሆነ ይህን ዕዳ የሚከፍለው የአዲስ አበባው ወዳጅ ብቻ ነው፤ አእምሮው ሳይዘገይ መስመሩ በመዘግየቱ ይሸነፋል።

ላይቼስን የመሳሰሉ የቼዝ ገጾች ለዚህ ማካካሻ አበጅተዋል። መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ እየተለካ በመንገድ የባከነው ለተጫዋቹ ይመለስለታል። ማካካሻው ግን ገደብ አለው፤ ያለዚያ መስመሩ የደከመ አስመስሎ የማሰቢያ ጊዜ የሚሰርቅ አይጠፋም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የባሰ ነው። ሰርቨሩ መብራት የጠፋበትን ሰው ሽንፈት ሸሽቶ ከወጣው መለየት አይችልም፤ ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል። ስንት ወዳጅ በዚህ ተቀያይሟል! የተሻለው መፍትሔ ቀላል ነው፦ አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር በ1989 የባለቤትነት መብት ባገኘበት የሰዓት ዓይነት መሠረት በየእንቅስቃሴው ጥቂት ሰከንድ የሚጨመርበትን ጨዋታ መምረጥ። አምስት ሰከንድ ሲጨመር የ0.3 ሰከንድ መዘግየት አይሰማም።

ያም ሆኖ ቼዝ ዕድለኛ ነው፤ ተራ አለው። አንዱ ሳይንቀሳቀስ ሌላው ስለማይመልስ፣ መዘግየት ሰዓት ይበላ እንደሆነ እንጂ ቅደም ተከተሉን አያምታታም። ሪቻርድ ፓንክረስት ታሪኩን ያጠኑት የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ግን ወረራ በሚባለው መክፈቻው ተራ አያውቅም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ባላጋራቸውን ሳይጠብቁ፣ እጁን በዓይናቸው እየተከተሉ በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። በአንድ ገበታ ዙሪያ ይህ አያስቸግርም፤ ማን እንደቀደመ ሁሉም ያያል።

በሩቅ ለሩቅ ግን «ቀደመ» የሚለው ቃል ራሱ ይናወጣል። የኮምፒውተር ሊቁ ሌስሊ ላምፖርት በ1978 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ በመልእክት ብቻ በሚገናኙ ኮምፒውተሮች መካከል ከሁለት ድርጊቶች የትኛው እንደቀደመ ሁልጊዜ መናገር አይቻልም። እንግዲህ ወረራን ወደ ስልክ ማምጣት የሚሻ ባለሙያ መምረጥ ይኖርበታል። ቀድሞ ለደረሰው ከፈረደ ለሰርቨሩ የቀረበው ሁልጊዜ ይጠቀማል። በግማሽ ሰከንድ ውስጥ የደረሱትን ሁሉ እንደ አንድ ቆጥሮ በአንድነት ቢገልጣቸው አድልዎው ይቀንሳል። ነገር ግን በዚያች ግማሽ ሰከንድ ሁለቱም የባላጋራቸውን ጠጠር ከበሉ፣ ወረራውን ያቆመው የትኛው እንደሆነ የሚወስን አዲስ ሕግ መጻፍ ግድ ይሆናል።