ተሰብስቦ ማውራት ድባቴን ያሽላል? በምን እናውቃለን?

ሰቆጣ ውስጥ ሐዘን ቤት ተቀምጣችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። ሰው ከሰው ጋር ሲያወራ ቀለል ይለዋል። ግን ቀለል ያለው ስላወራ ነው ወይስ ቀኑ ስለገፋ? እኔ ምህንድስና የተማርኩ ሰው ነኝና «ሠርቷል» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ያ ነገር ባይኖርስ ምን ይሆን ነበር?» ብዬ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሰጠ ሙከራ በ2002 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ተካሂዷል። ተመራማሪዎቹ 30 መንደሮችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ዕጣው በሰው ሳይሆን በመንደር የሆነው ጎረቤት የሰማውን ለጎረቤቱ ማውራቱ ስለማይቀር ነው። በግማሾቹ መንደሮች ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ ሆነው ለ16 ሳምንታት፣ በሳምንት አንዴ ለ90 ደቂቃ ተገናኙ። መሪዎቹም ሐኪሞች አልነበሩም፤ ለሁለት ሳምንት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። የሚወራው ስለ ሐዘን፣ ስለ ጠብ፣ ኑሮን ስላናጋ ለውጥ ነበር።

ከሙከራው በፊት በቡድን ከተሰበሰቡት 86 በመቶው ከባድ ድባቴ ነበረባቸው፤ በኋላ 6.5 በመቶ ብቻ ቀሩ። ደስ ይላል አይደል? ቆይ፣ አትቸኩሉ! ቡድን ባልተቋቋመባቸው መንደሮችም ቁጥሩ ከ94 ወደ 54.7 በመቶ ወርዷል። ክፉ ጊዜው ላይ የተለካ ሰው ሳይታከምም ሊሻለው ይችላላ። ስለዚህ የቡድኑን ጉልበት የሚያሳየን በ54.7 እና በ6.5 መካከል ያለው ርቀት ነው። እሱም ቢሆን ትልቅ ነው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ከሙከራው በፊት የሠሩት ነው። የአካባቢው ሰው ይህን ሕመም በራሱ ቋንቋ ምን እንደሚለው ጠየቁ፤ ራስን መጥላትና ለራስ ማዘን የሚሉ ሁለት ስሞች አገኙ፤ መለኪያቸውንም ከዚያ ጋር አገናዘቡ። ዋግ ኽምራ ላይ፣ ድርቅና ጦርነት ስንቱን ባፈናቀሉበት፣ ኽምጣና ተናጋሪ እናትን በአማርኛ «ድባቴ አለብዎት?» ብትሏቸው የምትለኩት ሕመማቸውን ሳይሆን ቃሉን ማወቃቸውን ነው።

የመሰብሰቢያው መንገድ እንኳ አይቸግርም። በጉራጌ ዞን በ64 መንደሮች የትዳር ጥቃትን ለመከላከል የተሞከረ ፕሮግራም 14 ውይይቶቹን ያካሄደው ቡና እየተፈላ ነበር። ዋግ ላይ የሚከብደው ዕጣው ይመስለኛል፤ የሩቅ ቀበሌ ሰው ሁሉ በገበያ ቀን ሰቆጣ ላይ ተገናኝቶ ያወራል።