የአስተዳደር ትምህርትና የአስተዳዳሪ ጠባይ

የታመመ ሰው ያልተማረ ሐኪም እንዲያክመው አይፈቅድም፤ ቤት የሚያሠራም ሰው ግድግዳ ማቆም የማያውቀውን ግንበኛ አይቀጥርም። ለቤተ ክርስቲያን የሚያገለግልም ከንባብ ቤት ተነሥቶ፣ በዜማና በቅኔ ቤት አልፎ፣ መጻሕፍትን ከመምህር እግር ሥር ሆኖ ተምሮ፣ ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ ነው መምህር ተብሎ ወንበር የሚዘረጋው። ሐኪሙንም ግንበኛውንም መምህሩንም በአንድነት የሚያስተዳድረው ሹም ግን በብዙ አገሮች ለረጅም ዘመን ምንም የተለየ ትምህርት ሳይጠየቅ ማኅተሙን በአንድ ቀን ሲረከብ ኖሯል። ሹመት ከትውልድ፣ ከወዳጅነት ወይም ከጦር ሜዳ አገልግሎት የሚገኝ ስጦታ እንጂ እንደ ሙያ የሚማሩት ነገር አይመስልም ነበር።

ዛሬ በዓለም ያሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያውን ዲግሪ ለጨረሱ ሰዎች በመንግሥት አስተዳደርና በሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣሉ። የመሥሪያ ቤት አለቆችም ሠራተኞቻቸውን ወደዚህ ትምህርት ሲልኩ የተሻለ ሹም ሆነው እንዲመለሱላቸው ተስፋ ያደርጋሉ። ተስፋው ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ትምህርቱ የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ለይቶ ለማወቅ ከየት እንደ መጣ መመርመር ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ቻይናዎች ሹማምንታቸውን በፈተና የሚመርጡበትን ሥርዓት 1,300 ዓመት ያህል ይዘውት ኖረው በ1905 አስቀርተውታል። እንግሊዞችም በ1854 በቀረበ ታዋቂ መግለጫ መነሻነት የመንግሥት ሥራ በፈተና እንዲገኝ ማድረግ ጀመሩ። ሆኖም በሁለቱም አገር ተፈታኙ የሚጠየቀው በይበልጥ የቀደሙትን መጻሕፍት ዕውቀት ነበረ። አስተዳደር ራሱ ትምህርት ሆኖ፣ ዲግሪም ተሰጥቶት የተገኘው በአሜሪካ ነው፤ የተወለደውም በደም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያን ዘመን በአሜሪካ ምርጫ ያሸነፈ ወገን የተሸናፊውን ወገን ሠራተኞች ከፖስታ ቤትና ከጉምሩክ አስወጥቶ የራሱን ሰዎች ያስገባ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው የአገራችን ተረት በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ እንደ ሕግ የተሠራበት ያህል ነበር። በ1881 ጄምስ ጋርፊልድ ፕሬዚዳንት በሆኑ ጊዜ ቻርልስ ጊቶ የሚባል ሰው ለምርጫው በጻፈው ንግግር ረድቻለሁና በፓሪስ ቆንሲል ሆኜ ልሾም ይገባኛል እያለ ወራት ደጅ ጠና። ሹመቱን ባጣ ጊዜ ሽጕጥ ገዝቶ ሐምሌ ላይ በዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ፕሬዚዳንቱን ተኰሰባቸው። ጋርፊልድም ሁለት ወር ተኩል ያህል ተሠቃይተው በመስከረም ሞቱ፤ ጊቶም በሚከተለው ዓመት በስቅላት ተቀጣ።

በጋርፊልድ ፈንታ የተተኩት ቼስተር አርተር ራሳቸው ቀድሞ የኒው ዮርክ ወደብ ጉምሩክ ሹም ሆነው በዚሁ የሹመት ክፍፍል ያደጉና ስለዚሁ ነገር በ1878 ከሥራቸው የተሻሩ ሰው ነበሩ። ከእርሳቸው ማንም መልካም ነገር አልጠበቀም። ነገር ግን በጥር 1883 ሥራ በወገንተኝነት ሳይሆን በፈተና እንዲሰጥ የሚያዝዘውን የፔንድልተንን ሕግ የፈረሙት እርሳቸው ሆኑ። ሕጉ በመጀመሪያ የደረሰው ከአገሩ መንግሥት ሥራ ወደ አንድ አሥረኛው ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን እየሰፋ ሄደ።

ፈተና ካለ ትምህርት ያስፈልጋል። በ1887 ውድሮ ዊልሰን የተባሉ ወጣት መምህር አስተዳደር ራሱን የቻለ ጥናት ሊሆን ይገባዋል የሚል ጽሑፍ አወጡ። ሐሳባቸውም የመንግሥትን ዓላማ መወሰን የፖለቲካ ሰዎች ፋንታ ሲሆን፣ የተወሰነውን ነገር በትንሽ ወጪና በደኅና ሥርዓት መፈጸም ግን እንደ ማናቸውም ሙያ የሚጠና ነው የሚል ነበረ። ስለዚህም ነፃነት ከሌለበት አገር እንኳ የአስተዳደር ዘዴ መቅሰም ይቻላል ብለው ሲያስረዱ፣ ቢላዋ የሚስል ነፍሰ ገዳይ ያየ ሰው የግድያውን ሐሳብ ሳይወስድ አሳሳሉን ብቻ ሊማር ይችላል የሚል ምሳሌ ሰጡ። ይህ ምሳሌ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ኋላ ግን በራሳቸው በዊልሰን ላይ እንደሚመለስ ከዚህ በታች ይታያል።

ጽሑፉ በዩኒቨርሲቲ ሰዎች እጅ ሲቀር፣ ሥራውን የጀመሩት የኒው ዮርክ ሰዎች ናቸው። በ1906 ጥቂት ሰዎች የከተማ አስተዳደር ጥናት ቢሮ የተባለ ማኅበር አቋቁመው የከተማውን የሒሳብ መዝገብ ከመንገዱ ጋር ማስተያየት ጀመሩ፤ ይኸውም ለመንገድ ማደሻ ወጣ የተባለውን ገንዘብ ከጽሕፈት ቤቱ ይጽፉና መንገዱ በእውነት መታደሱን በእግራቸው ሄደው ይመለከታሉ። ይህ ቀላል የሚመስል ዘዴ የማንሃተንን ክፍል ይገዙ የነበሩትን ትልቅ ሹም ጉድለት ገለጠ፤ በ1907ም የግዛቱ ገዥ ከሹመታቸው ሻሯቸው። በ1911 ደግሞ ባላቸው በባቡር ሐዲድ ንግድ እጅግ የበለጸጉ የነበሩት ባልቴት ወይዘሮ ሜሪ ሃሪማን በሰጡት ገንዘብ ቢሮው ለመንግሥት ሥራ ማሠልጠኛ የሚሆን ትምህርት ቤት ከፈተ።

የዚህ ትምህርት ቤት ልማድ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ተማሪው ንግግር ሰምቶ ብቻ አይሄድም ነበር፤ ወደ ከተማው መሥሪያ ቤቶች ይላክና ገንዘብ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ዕቃ እንዴት እንደሚገዛ፣ ሠራተኛ እንዴት እንደሚቀጠር በዓይኑ አይቶ መግለጫ ይጽፋል። ቅኔ ቤት ገብቶ ከመምህሩ ጋር ሳይውል ከመጽሐፍ ብቻ ቅኔ ለመማር እንደማይቻል ሁሉ፣ እነዚህም ሰዎች አስተዳደር ከጽሕፈት ቤት ሳይውሉ የሚማሩት አይደለም ብለው ያምኑ ነበር።

በ1924 ጆርጅ ማክስዌል የሚባሉ ሀብታም ጠበቃ በሰጡት ገንዘብ በሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ አንድ ትምህርት ቤት ሲመሠረት የኒው ዮርኩ ማሠልጠኛ ወደዚያ ተዛወረ፤ የቢሮው ሰው የነበሩት ዊልያም ሞሸርም መሪው ሆኑ። የመንግሥት አስተዳደር የማስተርስ ዲግሪ የሚባለው ከዚህ ይቈጠራል። ሃርቫርድ በ1936 ተከተለ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በኋላ ትምህርቱ ወደ ሌሎች አገሮች ሄደ። በኢትዮጵያም በ1952 የመንግሥት አስተዳደር ኢንስቲቲዩት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ርዳታ ተቋቋመ፤ በ1995 ደግሞ ኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፈተ። በጀት፣ የሠራተኛ አስተዳደር፣ የአስተዳደር ሕግ፣ ስታቲስቲክስ፣ የመሥሪያ ቤት አደረጃጀት፣ የአንድ ሕግ ውጤት የሚመረመርበት ዘዴ፤ የትምህርቱ ዋና ዋና ክፍሎች እነዚህ ናቸው።

እንግዲህ ይህ ትምህርት ምን ዓይነት ሹም አወጣ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ በ1913 ወደ ኒው ዮርኩ ቢሮ ከገቡት ሠልጣኞች ሁሉ በዝናው የበለጠውን ማየት ይበቃል። ይህ ሰው ሮበርት ሞዘስ ናቸው። በዬል ተምረዋል፤ በኦክስፎርድ ተምረዋል፤ በ1914 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ያገኙትም ስለ እንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ሥርዓት ጽፈው ነው። በትምህርት ረገድ ከዚህ የሚበልጥ ዝግጅት ለማሰብ ያስቸግራል። መጀመሪያም ትምህርታቸውን በቀናነት ሊሠሩበት ፈለጉ፤ የከተማው ሠራተኛ ሁሉ በወዳጅነት ሳይሆን በሥራው እንዲመዘን፣ የእያንዳንዱን ሥራ በየክፍሉ ለይተው በነጥብ የሚለካ ሥርዓት አዘጋጁ። በሹመት ክፍፍል የሚኖሩት ፖለቲከኞችና ሠራተኞቹ በአንድነት ተነሡባቸው፤ በ1917ም የደገፏቸው የከተማው ከንቲባ በምርጫ ስለ ተሸነፉ ሥርዓቱ ቀረ፤ ሞዘስም ብዙ ሳይቈዩ ሥራ አጥተው ተቀመጡ።

ከዚህ ውድቀት የተማሩት ነገር ግን መምህራኖቻቸው ካስተማሯቸው ሁሉ የበለጠ ሳይሠራባቸው አልቀረም። ዳግመኛ ወደ ሥልጣን ሲመጡ የሕግን ጽሕፈት እንደ መሣሪያ ያዙት። በ1924 የሎንግ አይላንድ የመናፈሻዎች ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆኑ፤ በ1929 በውቅያኖስ ዳር የከፈቱት የጆንስ ባሕር ዳርቻ መናፈሻ እስከ ዛሬ ድረስ የሚደነቅ ሥራ ነው። በ1936 የተመረቀውን የትራይቦሮ ድልድይ ያስተዳድር የነበረው ድርጅት እንደ ደንቡ የድልድዩ ዕዳ ሲያልቅ የሚፈርስ ነበረ። እርሳቸው ግን ድርጅቱ አዲስ ቦንድ እየሸጠ አሮጌውን ዕዳ እንዲለውጥና ሌላ ሥራም እንዲጀምር የሚፈቅድ ቃል በሕጉ አስገቡ፤ ስለዚህ ዕዳው አያልቅም፣ ድርጅቱም አይፈርስም። ከድልድዩ ኬላ የሚሰበሰበው ቀረጥም ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ሳይሆን ወደ ድርጅቱ ይገባል። ለቦንድ ገዢዎች የተሰጠው ቃል ደግሞ ውል ስለሆነ ከንቲባም ገዥም ሊሽረው አይችልም። እንዲህ ባለ ብልኃት ሕዝብ በምርጫ አንድ ቀን እንኳ ሳይመርጣቸው፣ እንዲያውም በ1934 ለግዛቱ ገዥነት ተወዳድረው በብዙ ድምፅ ሲሸነፉ፣ እስከ 1968 ድረስ የኒው ዮርክን መናፈሻና መንገድና ድልድይ አዘዙ። በአንድ ጊዜ እስከ 12 ሹመት ደርበው ይዘዋል። ተማሪ ሳሉ የነቀፉት የሹመት ክፍፍልም ተመልሶ መጣ፤ ጠበቃው፣ ባንኩ፣ ሥራ ተቋራጩ ሁሉ ከእርሳቸው ድርጅት ይበላ ነበርና።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በብሮንክስ በኩል አውራ ጐዳና ሲያወጡ ኢስት ትሬሞንት በተባለው ሰፈር በአንድ ማይል ርዝመት ብቻ ከ1,500 የሚበልጡ መኖሪያዎች እንዲፈርሱ ታዘዘ። የሰፈሩ ሰዎች፣ ይልቁንም የቤት እመቤቶች፣ መንገዱ ጥቂት ወደ መናፈሻው ዳር ቢጠጋ ያን ያህል ቤት እንደማይፈርስ በካርታ አስጠንተው አቀረቡ። የለመኑትም መንገዱ እንዲቀር ሳይሆን ትንሽ ፈቀቅ እንዲል ነበር። ሞዘስ አልፈቀዱም። አውራ ጐዳናው ወጣ፤ ሰፈሩም ተበተነ። ሒሳቡ ትክክል፣ ፕላኑ የተጣራ፣ ሥራውም በሥርዓት የተመራ ነበር፤ በአስተዳደር ፈተና ቢቀርብ ጥሩ ማርክ ያሰጣል።

ዊልሰንም ከዚህ አያመልጡም። የአስተዳደርን ጥናት የጠሩት ሰው በ1913 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ሚኒስትሮቻቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጥቁሮቹን ሠራተኞች ከነጮቹ ሲለዩ ፈቀዱ። በ1914 ለመንግሥት ሥራ ፈተና የሚያመለክት ሁሉ ፎቶግራፉን እንዲያያይዝ ተደረገ፤ በፔንድልተን ሕግ ወገንተኝነትን ለመከልከል የቆመው ፈተና አሁን የሰውን ቀለም መለያ ሊሆን ቻለ። በዚያው ዓመት ዊልያም ሞንሮ ትሮተር የሚመሯቸው ጥቁር አሜሪካውያን ሊያመለክቱ ቢመጡ ፕሬዚዳንቱ በቍጣ አሰናበቷቸው። ቢላዋው ስለታም ነበር። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ጉዳዮች ትምህርት ቤት ከ1948 ጀምሮ በስማቸው ሲጠራ ኖሮ፣ በ2020 ስማቸው የተነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

የሥራ አመራር መምህራን የጥንቱን ምሳሌ ሲፈልጉ ደጋግመው የሚጠቅሱት ዮቶር ለአማቹ ለሙሴ የሰጠውን ምክር ነው፤ ሙሴ ሕዝቡን ብቻውን ሲዳኝ ውሎ ሲደክም አይቶ የሺህና የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾም መክሮታልና። መምህራኑ ከዚህ የሚወስዱት ሥራን የማካፈል ዘዴ ነው። ዮቶር ግን የሚሾሙት ሰዎች ምን ዓይነት እንዲሆኑም ዘርዝሯል፤ ችሎታ አንዱ ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት እግዚአብሔርን መፍራት፣ እውነተኛነትና የግፍን ረብ መጥላት ናቸው። ዩኒቨርሲቲ በፈተና ሊለካ የሚችለው የመጀመሪያውን ነው። ለቀሩት ሦስቱ እስከ አሁን ፈተና አልወጣላቸውም።

ትምህርት ቤቶቹ ይህን ጉድለት አልካዱትም። በሲራኪዩዝ ያለው ሕንፃ መግቢያ ላይ የጥንት አቴናውያን ለከተማቸው የሚገቡት ቃል በግድግዳ ተቀርጿል። የሞያው ትምህርት ቤቶች ማኅበርም ከተማሪው ዘንድ የሕዝብ አገልጋይነት መንፈስ እንዲታነጽ በመመዘኛው ይጠይቃል። ሮበርት ካሮ በ1974 የሞዘስን ታሪክ ያወጡበት ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ በብዙ የአስተዳደር ክፍሎች ይነበባል፤ በመናፈሻዎቹ የሚደነቀውና በኢስት ትሬሞንት የሚያዝነው ተማሪ አንድ መሆኑ ለትምህርቱ መልካም ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ያው የ1911ዱ ልማድ ሳይሆን አይቀርም፤ መዝገቡን ይዞ መንገዱን ሄዶ ማየት። በሠንጠረዥ ላይ ያለ ቍጥር ማንንም አይለምንም፤ በደጅ የቆመች ባልቴት ግን ትለምናለች።

በአገራችን ይህን ትምህርት የሚማሩት በአብዛኛው በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ስለሆኑ፣ ኒው ዮርኮች በድካም ያገኙትን ነገር ሳይደክሙ ይዘውታል ማለት ነው፤ ቀን ባለጕዳይ ያነጋገረ ሰው ማታ ስለ ባለጕዳይ ይማራል። ዲግሪው ለደረጃና ለደመወዝ መወጣጫ ብቻ ሆኖ ሲፈለግ ግን ይህ ዕድል ይባክናል። ብዙዎቹ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ስለዚያው ስለሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ይጽፋሉ፤ ጉዳይ ለምን እንደሚዘገይ፣ ባለጕዳይ በስንት ጠረጴዛ እንደሚያልፍ በሠንጠረዥ ያወጣሉ። ጽሑፉም ተጠርዞ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል፤ የተጻፈበት መሥሪያ ቤት አለቃ አስመጥቶ የሚያነበው ግን ከስንት አንዱን ነው።